የፈላውን ውሃ ተወውና መጀመሪያ ጣታቸውን ቁጠር

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ወደ ቴክሳስ ሲዛወር 55 ጋሎን የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየሙን ከሁለት ዓሣዎች ጋር በነጻ ሰጠኝ። ካመጣሁት 12 ቀን ሆነኝ። ድንጋዮቹ ላይ ስማቸውን የማላውቃቸው ነገሮች በቅለዋል። ቡናማዎቹ የካፖርት ቁልፍ ያህላሉ፤ ተጠጋግተው ሁለት ድንጋይ ሸፍነዋል። ጫፉ መዶሻ የሚመስል ጣት ያለው ሌላ አለ። አንዱ እንደ ሕፃን እጅ ይጨበጣል፣ ይዘረጋል። ሐምራዊ ምንጣፍ ላይ የበቀለ አረንጓዴ ሣር የሚመስልም አለ። ቆዳ የመሰለ ትልቅ እንጉዳይ ደግሞ ከመጣ ጀምሮ ተኮማትሮ ቀርቷል። እዚህም እዚያም ስነካቸው እልም የሚሉ፣ ብርጭቆ የመሰሉ ትንንሽ አበቦች አያለሁ። ባለቤቴ ቡናማዎቹን ጠልታቸዋለች። እናቴ አራስ ልትጠይቅ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛው ጋ ናት፤ አኳሪየሙ ያለበት ሳሎን ውስጥ ነው የምትተኛው። ‹ድንጋዩን አውጥታችሁ የፈላ ውሃ ድፉበትና በብሩሽ ፈትጉት› ትላለች። ቅዳሜ ላደርገው ነው። ስማቸውን ይንገሩኝ፤ የቱን ላቆይ፣ የቱን ልጣል?

አኳሪየም ወራሹ»

ወንድሜ፣ ለባለቤትህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐሙስ ስለነበር ዓምዱ እስኪወጣ ሳልጠብቅ «ቅዳሜ ምንም እንዳትነካ» ብዬ አጭር መልእክት ልኬብሃለሁ። ሰምተኸኝ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ሌላውን ተረጋግተን እናወራለን፤ ይህኛው ግን የሚዘገይ አይደለም፤ ድንጋዩን የፈላ ውሃ እንዳታስነካው፣ በብሩሽ እንዳትፈትገው፣ ከውሃ አውጥተህም እንዳታደርቀው።

የእናትህ ምክር ለድስትና ለእንስራ የሚሠራ ምክር ነው፤ በሽታን በእንፋሎት ያባረሩ እናቶች ልጆች ነንና አልፈርድባቸውም። ችግሩ እነዚያ ቡናማ ቁልፎች ላይ ነው። ሳላያቸው ስማቸውን እምላለሁ አልልም፤ አገላለጽህ ግን ዞአንቲድ ወደሚባሉት፣ ተጠጋግተው የሚኖሩ የኮራል ዘመዶች፣ በተለይም ከእነሱ አንዱ ወደሆነው ፓሊቶዋ ይወስደኛል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ በሥጋቸው ይይዛሉ። ከባሕር ፍጡራን ከተገኙት መርዞች ሁሉ ከኃይለኞቹ አንዱ ነው። ውሃ ውስጥ ሳይነኩ ከተቀመጡ ለዓመታት ከሰው ጋር በሰላም ይኖራሉ። የፈላ ውሃ ሲፈስባቸው ግን መርዙ በሙቀቱ አይጠፋም፤ ከእንፋሎቱና ከፍንጣቂው ጋር አየር ላይ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስበዋል። እናንተ ቤት ማለት ደግሞ አራስ፣ ሕፃንና እናትህ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ሩቅ አገር የተወራ አይደለም፤ ሠፈርህ ነው ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያሳተመው ጥናት አለ። ለጥናቱ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ፣ ሳይታሰብ አኳሪየሙ ውስጥ የበቀሉበትን ዞአንቲዶች በፈላ ውሃ ሊያጠፋ ሲሞክር መተንፈስ ያቃተው ሰው ነው። ልክ አንተ ቅዳሜ ልታደርገው ያሰብከው! ተመራማሪዎቹ ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ካሉ ሦስት የአኳሪየም ሱቆች ዞአንቲዶች ገዝተው መረመሩ። አንዳንዶቹ ከፍተኛ መርዝ ነበራቸው፣ አንዳንዶቹ ምንም አልተገኘባቸውም። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት መደርደሪያ ላይ ነው የሚሸጡት።

ሌላም ልንገርህ። በ2014 ነሐሴ ወር አላስካ፣ አንኮሬጅ ውስጥ አንድ ሰው ሕይወት ያለው ዞአንቲድ ቤቱ ወዳለው አኳሪየም ካስገባ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት በኋላ አፉን ብረት ብረት የሚል መራራ ጣዕም ያዘው፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ድካም፣ ሳልና የጡንቻ ሕመም ተከተሉ። ሰዓቱን ልብ በል። መርዙ የሚያሳምመው ያኔውኑ ላይሆን ይችላል፤ ሠርተህ ጨርሰህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ እራት በልተህ ተኝተህ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ብርድ መታኝ ብለህ ሻይ በዝንጅብል ትጠጣለህ እንጂ ድንጋዩ ትዝ አይልህም። በ2018 እንግሊዝ ውስጥ፣ ኦክስፎርድሸር፣ የአኳሪየም ኮራል ሲጸዳ በተነሳ መርዝ ቤተሰቡም ሊረዱ የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሆስፒታል ገብተዋል።

የመርዙ ታሪክ ራሱ ተረት ይመስላል። በሃዋይ፣ ማዊ ደሴት፣ ሃና የሚባል ስፍራ ሰዎች ጦራቸውን የሚነክሩበት፣ ቦታው ግን ለእንግዳ የማይነገር የተረገመ የባሕር ኩሬ ነበር። የአገሬው ሰው «የሃና ገዳይ የባሕር ሣር» ይለዋል። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ኩሬውን አግኝተው ናሙና የወሰዱት በ1961 ታኅሣሥ 31 ነው። በዚያው ቀን የዩኒቨርሲቲው የባሕር ምርምር ጣቢያ ዋና ሕንፃ ተቃጠለ። ሳይንስ አጋጣሚ ይለዋል፤ እኛ አገር ቢሆን ሌላ ስም ይሰጠው ነበር። መርዙ ተለይቶ መውጣቱ በ1971 ተዘገበ፤ ሣር የተባለውም ሣር አልነበረም። ያንተ ቡናማ ቁልፎች ዘመድ ነበር።

ይህን ሁሉ የተረኩልህ አስፈርቼህ አኳሪየሙን እንድታስወጣ አይደለም። ስም ሳታውቅ እንዴት መኖር እንዳለብህ እንድታውቅ ነው። አንተ ስም ጠየቅኸኝ፤ እኔ ግን ስሙን ሁለተኛ ነው የማስቀምጠው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የኮራልን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። «ራስታ» የሚባል ዞአንቲድ አለ፤ ጃንሆይ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ። «የኬንያ ዛፍ» የሚባል ለስላሳ ኮራልም አለ፤ ጎረቤቶቻችን ቀድመውናል። አንዱ ሱቅ አንድ ስም የሰጠውን ሌላው በሌላ ስም በእጥፍ ዋጋ ይሸጠዋል። ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ያንተን መዶሻ ለብዙ ዘመን ከነበረበት ወገን አውጥተው ወደ ሌላ ወገን አዛውረውታል። ስለዚህ ያልታወቀ ኮራል ሲገጥመኝ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ እኔን ይመርዘኛል? ጎረቤቱን ይነድፋል? ተቆርጦ ይባዛል? የእነዚህን መልስ ካወቅህ ስሙ ቀስ ብሎ ይመጣል። እስከዚያው ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነውና የማታውቀውን ሁሉ ከክፉው ወገን እንደሆነ አድርገህ ያዘው።

አሁን ወደ ማየቱ እንምጣ። ኮራል እንስሳ ነው፤ ተክል የሚመስለው ሥር ሰዶ ስለሚቀመጥ ነው። ዛጎል እያሉ የሚጠሩት ሰዎች አሉ፣ ዛጎል ግን ባለቤቱ የሞተበት ባዶ ቤት ነው። አንድ አፍ ያለው፣ በአፉ ዙሪያ ጣቶች ያሉት ትንሽ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል፤ ብዙዎቹ ተያይዘው ሲኖሩ ነው አንተ የምታየው ኮራል የሚሆነው። ማጉያ መነጽር ይዘህ መስታወቱ አጠገብ ተቀመጥና የአንዱን ፖሊፕ ጣት ቁጠር። ስምንት ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ ጎንና ጎናቸው እንደ ላባ የተበጣጠሰ ከሆነ፣ ለስላሳ ከሚባሉት ወገን ነው። ያ የሕፃን እጅ የመሰለው ስምንት እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ዜኒያ ይባላል። ሐምራዊ ምንጣፍ ላይ የበቀለው አረንጓዴም ስምንት ነው። ከስምንት የበዛ ከሆነ ወደ ሌላው ትልቅ ወገን ትሄዳለህ፤ ድንጋይ የሚሠሩት ኮራሎች፣ እንጉዳይ የሚባሉት፣ ዞአንቲዶችና አኔሞኖች ሁሉ ያሉት እዚያ ነው።

ፎቶ ለማንሳት ሰማያዊውን መብራት አጥፋ። ሱቅ የሚያሳይህ ሰማያዊ ብርሃን ቡናማውን ሁሉ ወርቅ ያስመስለዋል፤ በእሱ ሥር የተነሳ ፎቶ ለሽያጭ እንጂ ለመለየት አይሆንም። በነጭ መብራት፣ ፓምፑን ለአምስት ደቂቃ አቁመህ፣ ከፊት ለፊትና ከጎን አንሳ። መጠኑን እንዳውቅ መስታወቱ ላይ ከውጭ ሳንቲም ለጥፍ። ከዚያ ተከፍቶ አንድ፣ ተዘግቶ አንድ፤ የተዘጋ ኮራል ከተከፈተው የበለጠ ይናገራል።

ቡናማዎቹን ለመለየት የምትፈልገው እንዲህ ነው። ፓሊቶዋ ወፈር ያለ ግንድ አለው፤ ግንዱን በደንብ ካየኸው ሥጋው ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት ተቀብሮ ታገኛለህ። ከሥሩ ሁሉም በአንድ ምንጣፍ ተያይዘዋል። የላይኛው ፊቱ ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ ጠርዙን አጫጭር ጣቶች እንደ ዘርፍ ይከቡታል፤ ሲዘጋ እንደ ከረጢት አፍ ተሰብስቦ ይጨበጣል። ዞአንተስ የሚባሉት ዘመዶቹ አነስ ይላሉ፣ ቀለማቸው ደመቅ ይላል፣ አሸዋም በሥጋቸው የለም። ጠርዙ ላይ ምንም ዘርፍ ከሌለ፣ ከድንጋዩ ጋር ተለጥፎ እንደ ሰሐን ከተዘረጋ ደግሞ የእንጉዳይ ኮራል ሊሆን ይችላል፤ ያኛው ለሰው ብዙም አያሰጋም። ግን ልብ በል፤ አሸዋ አላየሁበትም ብለህ በባዶ እጅህ እንዳትነካው። ሊቃውንቱ መርዙን በመሣሪያ መዝነው ነው ያወቁት፤ በዓይን የሚለይ ሰው አላጋጠመኝም።

እኔ ራሴ የመጀመሪያ አኳሪየሜን ስይዝ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ከአንድ ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ በወጥ ቤት ቢላ ልፍቅ ስል አንዱ ፖሊፕ ፈንድቶ ውሃውን ጉንጬ ላይ ተፋው። ሁለት ጣት ከፍ ቢል ዓይኔ ነበር። ያን ቢላ ጣልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የአኳሪየም ዕቃና የወጥ ቤት ዕቃ አንድ ካቢኔ ውስጥ አያድርም። መርዙ ዓይን ሲነካ የዓይን ብሌንን ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል በኋላ ነው ያነበብኩት።

እንግዲህ ቡናማዎቹን ምን ታድርጋቸው? ሁለት መንገድ አለህ። የመጀመሪያውና እኔ የምወደው፣ ባሉበት መተው ነው። ሕፃኑ የማይደርስበት መክደኛ ይኑረው፤ አንተም እጅህን ስታስገባ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት አድርግ፣ እጅህ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ጭራሽ አታስገባ። ባለቤትህ ቅር ካላት ከዓይን ራቅ ወዳለ ጥግ ድንጋዮቹን ውሃ ውስጥ እንዳሉ ገፋ ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛው፣ ከቤት ይውጡ ካላችሁ፣ ይኸውልህ። ቤተሰቡ ሁሉ ሽርሽር በወጣበት ቀን አድርገው። ጓንት፣ ዙሪያውን የሚዘጋ የዓይን መከላከያ መነጽርና ማስክ አድርግ፤ መስኮት ክፈት። መክደኛ ያለው ባልዲ ውስጥ ከአኳሪየሙ ውሃ ቀዳና ድንጋዩን ሳትፈትግ፣ ሳትሰብር፣ ሳታራግፍ ከውሃ ወደ ውሃ አስተላልፈው። ክደነውና ወደ ውጭ፣ ክፍት አየር አውጣው። እዚያ በሌላ ባልዲ አንድ እጅ ተራ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለህ ድንጋዩን ቀስ አድርገህ አስገባ፣ ክደን። ፓሊቶክሲንን የሚያከሽፈው ሙቀት ሳይሆን በረኪና ነው፤ ትንሹ ጊዜ 30 ደቂቃ ነው፣ እኔ ግን አሳድረዋለሁ። በረኪናውን ከአቼቶም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅል፤ አንዱን መርዝ ሸሽተህ ሌላ ጋዝ ትተነፍሳለህ። የመጀመሪያውን ባልዲ፣ ጓንቱንና የነካኸውን ሁሉ በዚያው በረኪና እጠብ። አኳሪየሙ ማጣሪያ ውስጥ አዲስ የከሰል ከረጢት ጨምር፣ ከውሃውም የተወሰነውን ለውጥ። ሁለት ድንጋይ በአንድ ቀን አታውጣ፤ ድንጋዮቹ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው የዓሣዎቹን ቆሻሻ የሚያጣሩልህ። አንዱን አውጥተህ ሁለት ሳምንት አሞኒያውን ለካ፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

አሁኑኑ የምታደርገው ደግሞ ይህ ነው። ፓሊቶክሲን የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈህ ከ1-800-222-1222 ጋር ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፍ። ቁጥሩ የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ነጻ ነው፣ አስተርጓሚም ይጠየቃል። ለእናትህ አሳያቸው። አፍን ብረት ብረት ማለት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሳል፣ የጡንቻ ሕመም፣ የዓይን መቅላት ከመጣ ሁሉም ከቤት ወጥቶ ንጹሕ አየር ላይ ይሁንና ይደወል፤ መተንፈስ ካቃተ ወይም ደረት ካመመ 911 ነው። ሐኪም ቤት ስትደርስ ስለ ኮራሉ መጀመሪያ ተናገር። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሙ የሚያደርገው ምልክቶቹን ማስታገስ ነው። ነገሩን ካልነገርከው ግን ጉንፋን ብሎ ሊሸኝህ ይችላል።

በዚህ ይብቃን። አሁን ደስ ወደሚለው።

መዶሻ የመሰለው ኮራል በእንግሊዝኛም መዶሻ ነው የሚባለው፤ ካለህ ሁሉ የተከበረው እሱ ነው፣ ሱቅ ሄደህ ብትጠይቅ ዋጋው ያስደነግጥሃል። ሥጋው ከሥሩ ባለ ጠንካራ የድንጋይ አጽም ላይ የተቀመጠ ነው። ስታንቀሳቅሰው አጽሙን ያዝ፤ ሥጋውን ከያዝከው ጠርዙ ላይ ይቀደዳል፣ ቁስሉም ይበሰብሳል። ቀን ሲያዩት ትሁት ይመስላል። ሌሊት ግን ረጃጅም መናደፊያ ጣቶች አውጥቶ ዙሪያውን ያስሳል፤ የነካውን ኮራል ያቃጥላል። ስለዚህ በሁሉም ጎኑ ቢያንስ አንድ ስንዝር ባዶ ተውለት። የውሃው ፍሰት ጣቶቹን እያወዛወዘ ይነካው እንጂ በቀጥታ አይምታው። ብርሃን መካከለኛ ይበቃዋል። ሰውየው መብራቱንም ሰጥቶህ ከሆነ እንዳለ ተጠቀምበት፤ አዲስ ጠንካራ መብራት ገዝተህ ከሆነ በግማሽ ኃይል ጀምርና በአንድ ወር ውስጥ ቀስ እያልክ ከፍ አድርገው። ኮራሎች ሥጋቸው ውስጥ ብርሃን በልተው የሚያበሏቸው ጥቃቅን አልጌዎች አሉ፤ ብርሃኑ ድንገት ከበዛ ወይም ውሃው ከሞቀ አልጌዎቹን ያጣሉ፣ ኮራሉም ነጭ ሆኖ ይራባል።

ብርጭቆ የመሰሉት እልም ባዮች አይፕታዚያ ናቸው ብዬ ብወራረድ አልከስርም። ግንዳቸው ረዘም ያለና የሚያሳልፍ ነው፤ ጣታቸው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ እንደ ዞአንቲዱ በምንጣፍ አልተያያዙም፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ናቸው። ሰው አይጎዱም፣ ኮራል ግን ይነድፋሉ። እዚህም ላይ ብሩሽ ጠላትህ ነው፤ ከእግራቸው የቀረች ቁራጭ ሥጋ ሌላ አይፕታዚያ ትሆናለች። ፈትገህ አንዱን ስታጠፋ አሥር ታተርፋለህ። ጥቂት ሳሉ ከሱቅ በሚሸጠው የአይፕታዚያ መድኃኒት አፋቸው ላይ በሲሪንጅ ጠብ አድርግባቸው። ወይም ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ሁለት ሦስት ግዛ፤ ሌሊት ወጥተው ይበሏቸዋል። ሁሉም ሽሪምፕ እኩል ትጉህ አይደለም፣ ከሰው አይለዩም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ መቶ እስኪሆኑ አትጠብቅ።

ዜኒያውና አረንጓዴው ሣር ውብ ናቸው፣ ግን ወራሪ ናቸው። ከሌላው ድንጋይ ጋር የማይነካካ የየራሳቸው ድንጋይ ላይ፣ በባዶ አሸዋ መካከል አስቀምጣቸው፤ አለበለዚያ በዓመቱ መዶሻህን ሸፍነው ታገኛለህ። ያ መጨበጥና መዘርጋት የሚያስደንቅ ነው፤ የዜኒያን የቅርብ ዘመድ በቀይ ባሕር፣ ኤይላት ላይ ያጠኑ የእስራኤል ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳዩት፣ እንስሳው እየተጨበጠ ኦክስጅን የሞላበትን ውሃ ከራሱ ያርቃል፤ እንዲህ በማድረጉ አልጌዎቹ የተሻለ ይሠሩለታል። ራሱን ያራግባል በለው።

ቆዳ የመሰለው እንጉዳይ ደህና ነው። ለስላሳ የቆዳ ኮራል ነው፤ ሲዛወር ይኮራል፣ ፊቱን ይዘጋል፣ ሰም የመሰለ ስስ ሽፋን ያወጣል፣ ከዚያ ይጥለዋል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሽፋኑን ፍሰት እንዲወስድለት ፓምፑን ወደሱ ጠጋ አድርግ። ከጠቆረ፣ ከተበጣጠሰና ከሸተተ ብቻ አውጣው።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ፤ ውሃው ሲቀንስ በምን ነው የምትሞላው? ከቧንቧ ከሆነ ዛሬውኑ አቁም። የዲሲና የሰሜን ቨርጂኒያ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ በክሎራሚን ነው የሚታከመው፤ ለእኛ ለመጠጣት ምንም አይል፣ ለኮራል ግን መርዝ ነው፤ እንደ ተራ ክሎሪን በባልዲ አሳድረኸውም በቀላሉ አይወጣም። አርኦ ዲአይ የተባለ የተጣራ ውሃ ከአኳሪየም ሱቅ በጋሎን ይሸጣል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን በጨዋማ ሳይሆን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው የምትተካው። ይህን የሚስት ጀማሪ ብዙ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ሙት ባሕርን ሳሎኑ ያስገባል።

ጨዋማነቱ ከሺህ 35 እጅ፣ በሚለካው መሣሪያ 1.025 ወይም 1.026 ይሁን። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። አሞኒያ ዜሮ። አኳሪየም ሲዛወር አሸዋው ስለሚበጠበጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ሊነሳ ይችላል፤ በየሁለት ቀኑ ለካ። አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ፒፒኤም ከሆነ መዶሻህ አጽሙን ይሠራል። ናይትሬት ትንሽ ቢኖር አይከፋም፤ ፍጹም ዜሮ ለማድረግ የሚታገሉ ሰዎች ኮራላቸውን ሲያስርቡ አይቻለሁ። ከሁሉ በላይ ቁጥሩ አይዋዥቅ። ዓሣህ ቢታመም ደግሞ መዳብ ያለበት መድኃኒት እዚህ አኳሪየም ውስጥ እንዳትጨምር፤ ዓሣው ቢድን ኮራሉም ሽሪምፑም ያልቃል።

ሊሰለችህ ይችላል፣ እንዲያውም ባለቤትህ «ውሰድልኝ» ልትል ትችላለች። የዚያን ጊዜ ለሌላ አኳሪየም ወዳድ ስትሰጥ ስለ ቡናማዎቹ አስጠንቅቀህ ስጥ፤ ላንተ ግን ማንም አልነገረህም። ፖቶማክ ወንዝም ሆነ ባሕር ዳርቻ ወስደህ እንዳትጥል። ለአገር ቤት ስጦታ ብለህም ሻንጣ ውስጥ እንዳትከት፤ አጽም የሚሠሩት ኮራሎች በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም።

አሁን እናትህ። የፈላ ውሃቸውን ስለከለከልኩ እንዳይቀየሙኝ ሥራ እሰጣቸዋለሁ። ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ መነሳታቸው አይቀርም፤ ሳሎን ስለሚተኙ ደግሞ አኳሪየሙ ፊት ለፊታቸው ነው። የእጅ ባትሪ ላይ ቀይ ፌስታል እሰርላቸው፤ ብዙዎቹ የባሕር ፍጡራን ቀይ ብርሃን ብዙም አይታወቃቸውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወጣው ነገር ቀን ከምታየው ጋር አይገናኝም፤ ከድንጋይ ሥር የሚያጮልቁ ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ የተዘረጋ ጣት ሁሉ። ያዩትን ጠዋት ይንገሩህና ጻፈው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶዎቹን ከእሳቸው ማስታወሻ ጋር ላክልኝ። በተለይ መዶሻው ሌሊት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚዘረጋ፣ ቡናማዎቹም ሲዘጉ ግንዳቸው ላይ አሸዋ ይታይ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።